በቅሬ ድንኳን የተማረው ሰባተኛ ክፍል

መነሻ

እንድሪስ የደወለልኝ የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና አልቆ ወረቀት በማርምበት ሳምንት ነው። ከኮሌጅ ጀምሮ የማውቀው ጓደኛዬ ነው። እኔ አዲስ አበባ ቀርቼ አማርኛ ሳስተምር፣ እሱ ወደ ትውልድ አገሩ ወደ አምባሰል ተመልሶ የአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ሆኗል። ጦርነቱ ወሎ በነበረባቸው ወራት ስልኩ አልሠራልኝም ነበር። ድምፁን ስሰማ አለቀስኩ። እሱ ግን ቶሎ ብሎ ወሬውን ወደ ሥራ አዞረው።

«ሮማን፣ ልጆቹ ሲያወሩ አፋቸው አይያዝም። እስክሪብቶ ሲይዙ ግን ዝም ነው። ከሰሌዳ ከመገልበጥ በቀር አንድ ዓረፍተ ነገር ከራሳቸው አያወጡም። መጻሕፍቱም ተቃጥለዋል። ዕረፍትሽን እኛ ጋ አድርጊው።»

«መጥቼ ምን ልሥራላችሁ?»

«መጻፍ አስተምሪልን። አብሽሪ፣ ማደሪያ አይጠፋም።»

ሁለት ሹራብና አንድ ካርቶን ጠመኔ ይዤ ገና ሳይነጋ ላም በረት መናኸሪያ ደረስኩ። ደብረ ብርሃንን በብርድ አለፍነው። ጣርማ በር ላይ ጉም መንገዱን ውጦት ሾፌሩ ጥሩምባ እየነፋ ወረደ። ደብረ ሲና ቆሎ ገዛን፤ ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ሹራባችንን አወለቅን። ከዚያ ወዲህ ኬላው በዛ። ወርደን እንፈተሻለን፣ መታወቂያ እናሳያለን፣ ተመልሰን እንሳፈራለን። ከመንገዱ ዳር የተቃጠሉ ከባድ መኪናዎች ዝገው ቆመዋል፤ በአንዱ ጥላ ሥር ፍየሎች ተኝተው ነበር።

አጠገቤ የተቀመጡት የደሴ ሴትዮ ከሚሴ ስንደርስ፣ «ለዘመድ ነው የምትሄጂ?» አሉኝ።

«ለማስተማር ነው፣ እናቴ። ለልጆች መጻፍ።»

«ማሻአላህ! መንገድሽን የቀበሌያችንን ሊቀመንበርም ባስተማርሽልን። እሱስ መፈረም እንጂ መጻፍ መች ያውቃል።» ሳቃቸው ከኋላ ወንበር ያለውን ሁሉ አሳቀ። ኮምቦልቻ ምሳ በልተን ጠመዝማዛውን ዳገት ስንወጣ እኒያ ሴትዮ እያንዳንዱን መንደር በስሙ እየጠሩ፣ ማን እንደተመለሰና ማን እንዳልተመለሰ ይነግሩኝ ነበር። ደሴ መስኮቱ በላስቲክ የተሸፈነ አልጋ ይዤ አደርኩ።

ሐይቅ

በማግስቱ ከደሴ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ጢጣን አልፎ ቁልቁል ሲወርድ ውሃው ድንገት ብቅ አለ። ለጥ ያለ ሰማያዊ ነው፤ ዳርዳሩን ደንገል፣ ከደንገሉ ወዲህ የሽንኩርትና የጎመን ማሳ ከቦታል። የሐይቅ ከተማ ሰው ሱቁን እንደገና ቀለም እየቀባ ነበር። ሰማያዊው ቀለም ሥር ግን ጥይት የበሳው ቆርቆሮ ያው እንደተበሳ ይታያል።

እንድሪስ የሐይቅንና የአምባሰልን አካባቢ የአማርኛ መምህራን አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ሰብስቦ ጠበቀኝ። ከአምስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል የሚያስተምሩ ናቸው። ዴስክ ስላልነበረ ብሎኬት ላይ ተቀመጥን። ልጆች ድርሰት ሲጽፉ ምን እንደሚቸግራቸው ስጠይቅ፣ መምህር አበራ የሚባሉ ጡረታ የደረሱ ሰው ተነሡ።

«እኔ እውነቱን ልንገርሽ። ፈተናው ጻፍ አይልም። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ነው። ልጁ ያጠቁርና ያልፋል። የማይፈተነውን ሳስተምር ብውል ወላጁ ምን ይለኛል?»

ብዙዎቹ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። አንዷ መምህርት፣ «ክፍሉ ሙሉ ልጅ ነው፤ የዚያን ሁሉ ደብተር ማን ያርማል?» አለች። ጥያቄዎቹ የእኔም ነበሩ። ያደረግኩት አንድ ነገር ነው፦ ወረቀት አደልኩና «ዛሬ ጧት ከቤት እስከዚህ ስትመጡ ያያችሁትን አንድ ነገር በጥቂት መስመር ጻፉ» አልኳቸው። ብዕራቸውን ያኝኩ ጀመር። አንዱ «ርዕሱ ምንድን ነው?» አለ፤ ሌላው «መግቢያና መደምደሚያ ይኑረው?» አለ። ሲነበብ ግማሹ «የአካባቢያችን የተፈጥሮ ውበት» ሆኖ ወጣ፤ ራሳቸውም ሳቁ። መምህር አበራ ግን የቤቷ በር ተነቅሎ ስለተሰረቀባት ጎረቤታቸው ጽፈው ነበር። በሩን ከሌላ ሰው ቤት ላይ ተገጥሞ እንዳየችው፣ ግን ያ ሰውም ሕፃናት ስላሉት ሳትጠይቀው እንዳለፈች።

«እዚያ ማዶ ገዳሙ ጋ ነው ፊደል የቆጠርኩ» አሉኝ መምህር አበራ በኋላ፣ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ አቅጣጫ በአገጫቸው እያመለከቱ። «ኋላ ቅኔ ቤት ስገባ መምህራችን በየቀኑ የራስህን አምጣ ይሉን ነበር። የሌላ ሰው ቅኔ ይዞ መቅረብ ነውር ነው። ታዲያ እኔ ዘመናዊ አስተማሪ ብሆን ጊዜ ልጆቹን ማስገልበጥ ጀመርኩ።»

ምሳ ላይ ከሐይቁ የወጣ ዓሣ ተጠብሶ በአዋዜ ቀረበልን። ስለ እርማቱም እዚያው ተስማማን፤ ሁሉም ደብተር በየሳምንቱ አይታረም። ልጆቹ እርስ በርስ ያነባሉ፣ መምህሩ በየተራ ጥቂቱን ያያል።

አምባሰል

ከሐይቅ ወደ ውጫሌ በሚኒባስ፣ ከውጫሌ በባጃጅ፣ ባጃጁ እምቢ ካለበት ጀምሮ ደግሞ በእግር ወጣን። ጤፉ ታጭዶ ማሳው ገለባ ብቻ ነው፤ ገበሬው የበልጉን ደመና እየጠበቀ ሰማይ ሰማይ ያያል። አናታችን ላይ የአምባሰል ገደል እንደ ግድግዳ ቆሟል። እንድሪስ ሻንጣዬን ተሸክሞ ፊት ፊት እየሄደ፣ «ስትደርሺ እንዳትደነግጪ» አለኝ። «የምናስተምረው ዛፍ ሥር ነው።»

«ክፍሎቹ ተቃጥለው ነው?»

«የለም፤ ሰው አለባቸው። ከራያ በኩል ተፈናቅለው የመጡ ናቸው። እነሱን ማን ያስወጣል? ልጆቹን ደግሞ የት ላስተምር?»

ሰባተኛ ክፍል አንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ድንጋይ ላይ ተደርድሮ ጠበቀን። ሰሌዳው ከግንዱ ጋር ታስሯል። እንድሪስ ልጆቹ ማመልከቻ እንዲጽፉ አስቦ ነበር፤ ክፍላቸው እንዲለቀቅላቸው ለቀበሌው የሚቀርብ። ሐሳቡን ወደድኩት። ለእውነተኛ ሰው፣ በእውነተኛ ጉዳይ መጻፍ ከዚህ በላይ ምን አለ? የማመልከቻ አጻጻፍ አስተማርኳቸው፦ ለማን፣ ከማን፣ ጉዳዩ፣ ምክንያቱ፣ የሚጠየቀው። አጎንብሰው ጻፉ።

መጀመሪያ ያነበበው የክፍሉ አለቃ ኑሩ ነው። ድምፁ የመስጊድ ሙአዚን ያህል ጥርት ያለ ረጅም ልጅ ነው። «ተፈናቃዮች ክፍላችንን ስለያዙብን፣ ዴስኮቻችንን ስላነደዱብን፣ ትምህርታችን ስለተበላሸ፣ በአስቸኳይ እንዲወጡልን እናመለክታለን።» ጭብጨባው ቀለጠ። ሌሎቹም ያንኑ እያሳጠሩና እያስረዘሙ አነበቡ። አጻጻፉ ልክ ነበር፤ እኔም «ጎበዞች» እያልኩ አለፍኩ።

ከዳር የተቀመጠች፣ ፀጉሯን ሹሩባ ተሠርታ የሰበሰበች ልጅ እጇን አወጣች። ለምለም ትባላለች። ቆማ አነበበች፦

«ጉዳዩ፦ ክፍላችን እንዲለቀቅልን ስለመጠየቅ። እኔ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የምኖረውም ሰባተኛ ክፍል ውስጥ ነው። ሰሌዳው ላይ የእናቴ ነጠላ ተሰቅሏል። አያቴ ታሞ በመምህሩ ቦታ ተኝቷል። ዴስክ ያነደድነው ብርድ ጊዜ ነው፤ ወታደሮችም ከእኛ በፊት አንድደዋል። ክፍላችን ቢለቀቅ እኔም ደስ ይለኛል። ነገር ግን ወጥተን የት እንደምንገባ ስለማላውቅ ማመልከቻውን መጨረስ አልቻልኩም።»

ተቀመጠች። ልጆቹን ስለ ማን እንደማስጽፍ ሳላጣራ፣ ያቺን ልጅ በገዛ እናቷ ላይ እንድታመለክት አድርጌያታለሁ።

«እኔ አንቺን አላልኩም!» አለ ኑሩ፣ ፊቱ ቀልቶ።

«እኔን ካላልክ ማንን ነው?»

«ሌሎቹን ነዋ።»

«ሌሎቹ እኮ እናቴ ናት» አለችው፤ ቁጣ አልነበረባትም።

እንድሪስ ልጆቹን ለዕረፍት አሰናበተና አጠገቤ መጥቶ ቁጢጥ አለ። «ተያይዘን አጠፋን» አለኝ። «እናቁመው?»

ብናቆመው ልጆቹ የሚማሩት ጽሑፍ ጠብ እንደሚያመጣ ብቻ ነው። ብንቀጥልስ ለምለምን ማን ይጠግናታል? ስናወራ ቆይተን የወሰነችልን ራሷ ናት። ከዕረፍት ስትመለስ ኑሩንና ሁለት ሴት ልጆችን አስከትላ፣ «ቲቸር፣ እናቴ ግቡና እዩ ትላለች» አለችን።

ክፍሉ ውስጥ

የለምለም እናት ወይዘሮ አበባ በሩ ላይ ቆመው በሁለት እጃቸው ጨበጡን። ክፍሉ በጆንያ መጋረጃ ተከፋፍሎ አራት ቤተሰብ ይኖርበታል። አያትየው ሰሌዳው ሥር ፍራሽ ላይ ተጋድመዋል፤ ሲተነፍሱ ደረታቸው ያፏጫል። ወይዘሮ አበባ ኑሩን ሲያዩ ነጠላቸውን ከሰሌዳው ላይ ፈጥነው አወረዱ።

«ልጄ፣ እኛስ መች ወደን። ፊደል ባለበት ቤት ጎመን መቀቀል ደስ ብሎን ይመስልሃል?»

ኑሩ አንገቱን ደፋ። «አፈር ስሆን፣ እማማ… እኔ እኮ ፀሐዩ ነው ያስመረረኝ። ደብተሩ ነጭ ሆኖ ዓይን ይወጋል።»

«እሱማ እውነትህን ነው። ለምለምም ማታ ማታ ራሴን ትለኛለች።»

ስንወጣ አራቱ ልጆች ጥላ ከየት እንደሚገኝ ከእኔ ቀድመው ይጨቃጨቁ ነበር። ቀበሌው ድንኳን የለውም፤ ላስቲክም ተከፋፍሎ አልቋል። ከሴቶቹ አንዷ፣ «ቅሬው እኮ ድንኳን አለው» አለች። ቅሬ ማለት ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። እዚህ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ይቀባበራል። ድንኳኑ በጦርነቱ ጊዜ ጎተራ ሥር ተቀብሮ ተርፏል። የቅሬው ዳኛ ደግሞ የኑሩ አያት ሸህ ሁሴን ናቸው።

«አባባ እሺ አይሉም» አለ ኑሩ። «የሐዘን ነው።»

«እንጽፍላቸው» አለች ለምለም።

በማግስቱ ያስተማርኩት ትምህርት አንድ ብቻ ነበር፤ ማሻሻል። የሚያነበው ማን ነው? ምን ያስፈራዋል? እንቢ ቢል በምን ምክንያት ይላል? ልጆቹ ዋርካው ሥር በቡድን ሆነው አንዱን ዓረፍተ ነገር እየሰረዙ ሌላውን ተኩ። ኑሩ «በታላቅ ትሕትና» የሚለውን ሦስት ቦታ አስገብቶ ነበር። ለምለም፣ «አያትህ ናቸው እኮ፤ አንዱ ይበቃል» ብላ ሁለቱን ሰረዘችበት። ከዚያ በፊት አንድ ላይ ሲቀመጡ አላየኋቸውም።

ጉባኤው

ዓርብ ከጁምአ ሶላት በኋላ ቅሬው ተሰበሰበ። ሽማግሌዎቹ ዱላቸውን ተደግፈው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ሴቶቹ በአንድ ወገን፣ የደብሩ ቄስም ከሸህ ሁሴን አጠገብ ነበሩ። ኑሩና ለምለም አንዷን ወረቀት በሁለት ጫፍ ይዘው እየተቀባበሉ አነበቡ።

«ጉዳዩ፦ ድንኳን ስለመዋስ። ክፍላችን ውስጥ ከራያ የመጡ እንግዶች ስላሉ ዛፍ ሥር እንማራለን። እንግዶቹ ይውጡ አንልም፤ መሄጃ የላቸውም፤ አንዷም ጓደኛችን ናት። ፀሐይዋ ግን ዓይናችንን ትወጋለች፤ በልግ ሲመጣም ይዘንብብናል። ሐዘን በሌለ ቀን ድንኳኑን ብታውሱን ጧት እንተክላለን፣ ማታ አጥፈን እንመልሳለን። ከተቀደደ እንሰፋለን። ሐዘን ሲመጣ ሳትጠሩን እናመጣለን።»

አንድ ሽማግሌ ወዲያው ተነሡ። «የሬሳ ድንኳን ነው። ሞት ሳይኖር ከተተከለ ሞት ይጠራል። ለልጆች ይሄን ሟርት?»

ጉርምርምታ ተነሣ፤ «እውነት ነው» የሚል በዛ። አንዲት እናት፣ «ልጄ እዚያ ሥር አትቀመጥም» አለች። ኑሩ ወረቀቱን ለቀቀው፤ ለምለም ብቻዋን ይዛ ቀረች። ያልተጻፈ ነገር መናገር አልፈለገችም መሰለኝ፣ ዓይኗን ከወረቀቱ ላይ አላነሣችም።

ሸህ ሁሴን መሬቱን በዱላቸው ጫሩ። «ሞት ይጠራል አላችሁ» አሉ። «ያለፈውን ጊዜ ሞት ማን ጠርቶት መጣ? ድንኳኑ እኮ ተቀብሮ ነበር። ስንቱን ሰው ያለ ድንኳን ቀበርን።»

ቄሱ ወደ ልጆቹ ዞር ብለው፣ «ሳትጠሩን እናመጣለን ያላችሁትን ማን ነው የጻፈው?» ብለው ጠየቁ።

«ሁላችንም ነን፣ አባ» አለ ኑሩ።

«እንግዲህ ቃል ነው» አሉ። ሸህ ሁሴንም ድንኳኑን ፈቀዱና በፋቲሃ ጸሎት ጉባኤውን ዘጉ። እኒያ ሽማግሌ እስከ መጨረሻው አልተስማሙም፤ ያቺ እናትም ልጇን ጥቂት ቀን ከትምህርት አስቀርታት ነበር።

ድንኳኑ የጭስና የእጣን ሽታ ነበረው፣ ጣሪያውም በእራፊ ተጣጥፏል። ግን ጥላ ነው። የመጀመሪያው ቀን አምስተኛ ክፍሎችም እያጮለቁ ቀኑብን። ልጆቹ ስለ ከብቶቻቸው፣ ስለ ገበያ፣ በየዋሻው ስላሳለፉት ሌሊት ጻፉ። አንዱ ስለ ጦርነቱ ምንም ሳይጽፍ ስለ ጠፋች ዶሮው ሁለት ገጽ ሞላ፤ እሱንም አጨበጨብንለት።

ልመለስ በተዘጋጀሁበት ጧት ትምህርት ቤቱ ስደርስ ድንኳኑ ከቦታው የለም። ልጆቹ ምሰሶውን በትከሻቸው፣ ሸራውን በራሳቸው ተሸክመው ወደ ሰባተኛ ክፍል በር ሲሄዱ ደረስኩ። የለምለም አያት ጎሕ ሲቀድ አርፈዋል። እንድሪስ ክንዴን ይዞ፣ «ሮማን፣ ቅሬው ለአባል ነው» አለኝ በሹክሹክታ። «እነሱ አባል አይደሉም። ሸህ ሁሴን ቢቆጡስ?»

ሸህ ሁሴን ዳገቱን ሲወጡ ታዩን። ኑሩ ካስማውን እየመታ ነበር፤ አያቱን ሲያይ መዶሻውን አቆመ። ሽማግሌው ድንኳኑን ዞር ዞር ብለው አዩት፤ አንዱን ገመድ በእጃቸው ሳቡ።

«ይሄ ላልቷል። አጥብቁት፣ ነፋስ አለ» አሉና ገብተው ወይዘሮ አበባ ጎን ተቀመጡ።

መቃብሩን የሙስሊም ጎረምሶች ቆፈሩት። ቄሱ ፍትሐት ሲያደርሱ እነሱ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆመው ዱአ አደረጉ። እኔም ጉዞዬን ለማግስቱ አስተላለፍኩ።

መመለሻ

ለምለምን ስሰናበታት ጥቁር ለብሳ ነበር። «በርቺ፣ መጻፍሽን እንዳትተዪ» አልኳት። «እሺ ቲቸር» አለችና እንደ ትልቅ ሰው ሦስት ጊዜ ሳመችኝ። ከውጫሌ ደሴ፣ ከደሴ አዲስ አበባ በአንድ ቀን ገባሁ። ኬላው ያው ነው፣ መንገዱም ያው። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው እስከ ሸዋ ሮቢት ተኝቶ ስለነበር ብቻዬን ሳስብ መጣሁ።

ማመልከቻ ማስተማር አልተውኩም። አሁን ግን ልጆቹ ከመጻፋቸው በፊት፣ የሚያመለክቱበትን ሰው ሄደው እንዲያነጋግሩ እጠይቃለሁ። አንዳንዱ ተናዶ ሄዶ አዝኖ ይመለሳል፤ አንዳንዱም የበለጠ ተናዶ ይመጣል። ሁለቱም ቢሆኑ ከበፊቱ የተሻለ ይጽፋሉ። አምባሰል ያስተማረኝ ይኸው ነው።

ክረምቱ ሲወጣ ራያ በኩል እንደገና ተኩስ ነበር፤ ኋላም ሰላም ተባለና ተፈናቃዮቹ ወደ ቀያቸው መመለስ ጀመሩ። አንድ ቀን እንድሪስ ደውሎ ትንሽ ካወራን በኋላ ስልኩን ለኑሩ ሰጠው። አሁን ስምንተኛ ክፍል ነው፤ ድምፁ ጎርንኗል።

«ቲቸር፣ እነ ለምለም ትናንት ሄዱ። በመኪና ነው የሸኘናቸው። ክፍሎቹ ሁሉ ተለቀቁልን፣ ዛሬ ውስጥ ተማርን።»

«እንኳን ደስ አላችሁ! ታዲያ እንዴት ነው?»

ከበስተጀርባው የልጆች ጫጫታ ይሰማኛል።

«ወላሂ ቲቸር» አለኝ፣ «ሰፍቶብናል።»